ሰባት ክንድ ሻሽ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ይዛኝ ወጣች። ጉልበቴ ዳገት አይወድም፤ እሷን ግን እምቢ ማለት አልችልበትም። እዚያ የሚሠራ አንድ ትሑት ወጣት እያዞረ ያሳየን ጀመር። የየተክሉን ስም ይነግረናል፣ እኔም አንገቴን እነቀንቃለሁ። አንድ ቁጥቋጦ ዘንድ ስንደርስ ስሙን እስኪናገር አልጠበቅሁም፤ እጄን ሰድጄ ፍሬውን በጣቶቼ ፈተግሁት። እንዶድ ነው። ሽታው ሲገባኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ወጣቱ፣ እማማ ያውቁታል እንዴ አለኝ። አውቀዋለሁ አልኩት። የልጅ ልጄ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ምንም አልኳት። የተጠየቅሁትን ሁሉ የመመለስ ልማድ የለኝም። ስንመለስ ዊንጌት ታክሲ መያዣው ጋ ቆመን ሳለ፣ ባለቀለም ጨርቅ ራሷ ላይ ከፍ አድርጋ የጠመጠመች ልጅ አየሁ። አጠማጠሟን ባደንቅላት የልጅ ልጄ ሳቀችብኝ። ተሰፍቶ የሚሸጥ ነው አለችኝ፤ እንደ ቆብ ይጠለቃል፣ ያወልቁታል፣ በቃ። የተሰፋ ጥምጣም። ቤት እስክገባ ድረስ ይህንኑ አሰብኩ።

ባለቤቴ መምሬ ወርቁ ቄስ ነበሩ፣ ቁስቋም ማርያም የሚያገለግሉ። ጥምጣማቸው ሰባት ክንድ ነጭ ሻሽ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በእንዶድ አጥበዋለሁ፣ የሩዝ ውሃ አስነካዋለሁ፣ እርጥበቱ ጨርሶ ሳይለቀው ከልጄ ከሰናይት ጋር ጫፍና ጫፉን ይዘን ግቢው ውስጥ እንወጥረዋለን። ከዚያ አራት ጣት ስፋት እስኪቀረው እናጥፈዋለን። ሌሎች ሴቶች ማሰሮ ደፍተው በማሰሮው ላይ ይጠመጥሙ ነበር። እኔ የምጠመጥመው ጉልበቴ ላይ ነው። ጉልበቴና የመምሬ ራስ ልክ አንድ ነበር። ይህን ስነግራቸው ይስቁና፣ እንግዲያው ስትንበረከኪ ለእኔም ጭምር ስገጂልኝ ይሉኝ ነበር። የሌሎቹ ካህናት ሚስቶችም እየሰሙ ይልኩልኝ ጀመር። የፋሲካ ሰሞን አሥርና አሥራ ሁለት ጥምጣም ሣጥኑ ላይ ተደርድሮ ሲታይ ቤታችን ጉባኤ የተቀመጠበት ይመስል ነበር።

ሻሹን የምንገዛው ከሐጂ ሰይድ ሱቅ ነው፣ ወደ ዊንጌት በሚወርደው መንገድ ላይ። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው። ክንዱን በሰባ አምስት ሳንቲም ይሸጡ ነበር፤ የሚለኩት በገዛ ክንዳቸው ነው፣ ክንዳቸው ደግሞ ረጅም ስለነበር ሁሉም ከእሳቸው መግዛት ይወድ ነበር። ከዚያው ከአንድ ጣቃ ለመምሬ ይቀደዳል፣ ለሼኾቹ ይቀደዳል፣ ለእኛ ለሴቶቹ ይቀደዳል። የሐጂ ጥምጣም ከኋላ ወደ ጀርባ የሚወርድ ጅራት አለው፤ የመምሬ ጫፉ ወደ ውስጥ ይወሸቃል። መምሬ፣ ሐጂ ያንን ጅራት ቆርጠው ቢሸጡት አንድ ክንድ ያተርፋሉ ይሏቸዋል። ሐጂ ደግሞ፣ የእርስዎም ጅራት አለው፣ ደብቀውት ነው ይላሉ። ያን ጊዜ ወጣቶቹ ሴቶች ብትን ሻሽ ትተው እንደ መስታወት የሚያሳይ ባለቀለም ሻሽ ግንባራቸው ላይ ማሰር ጀምረው ነበር፤ ጆሯቸው ላይ ትልልቅ ቀለበት፣ እግራቸው ላይ ባለወፍራም ሶል ጫማ። ወንዶቹ ደግሞ ጸጉራቸውን አፍሮ አድርገው ባለእጀታ ማበጠሪያ ከኋላ ይሰኩበታል። ከመንገዱ ማዶ ካለው ቡና ቤት ራዲዮው ቀኑን ሙሉ ይዘፍናል። እኔ ዘፈን አልሰማም ባይ ነበርኩ፤ ዜማዎቹን ግን እስከ ዛሬ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ።

መምሬ ጥምጣማቸውን ከእኔ በቀር በማንም ፊት አያወልቁም ነበር። በልጅነታቸው ጎጃም ቆሎ ተማሪ ሳሉ ቆረቆር ራሳቸውን በልቶት፣ ሲድን ጠባሳ ትቶ ነው የዳነው። ጸጉር የሚበቅልበትና የማይበቅልበት ተለያይቷል። በየአሥራ አምስት ቀኑ በር ዘግቼ የምላጫቸው እኔ ነኝ። ሰናይትም ታናሽ ወንድሟም አይተውት አያውቁም። ከእኔ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ ታዬ። ታዬን ፊደልም ዳዊትም ያስተማሩት፣ ለዲቁናም ያበቁት መምሬ ናቸው። እናቱ ታማ በተኛችበት ክረምት እኛ ቤት ነው የከረመው፤ ያበላሁት እኔ ነኝ። ለመምሬ የመታጠቢያ ውሃ ያፈስላቸው ነበር።

ከዚያ ጊዜው ተለወጠ። ታዬ ዲቁናውን ተወና ካኪ ለበሰ፣ አፍሮውን አሳደገ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሆነ። ስለዚያ ዘመን ሌሎች ብዙ ጽፈዋል። ልጆቻቸው ከቤት ወጥተው ያልተመለሱላቸው እናቶች በየአጥሩ ነበሩ፤ ከእነሱ ጎን የእኔ ነገር ትንሽ እንደሆነች አውቃለሁ። እግዚአብሔር ሁለቱንም ልጆቼን ትቶልኛል፤ ስለዚህ ሳላመሰግነው ያደርኩበት ቀን የለም። ትንሿን ነገር ግን አልረሳኋትም።

እሑድ እሑድ ጠዋት በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ነበር፤ የቀረ ሰው ስኳር አይሰጠውም። አንድ እሑድ መምሬ ከቅዳሴ እንደወጡ በቀጥታ መጡ። ያን ቀን ታዬ አዲስ መመሪያ አነበበ፤ የአብዮቱ መዝሙር ሲዘመር ወንድ ሁሉ ባርኔጣም ይሁን ቆብ ወይም ጥምጣም አውልቆ ይቆማል አለ። ሰዎች አወለቁ። ሐጂ ሰይድም ፈትተው ክንዳቸው ላይ አንጠለጠሉት፤ የተላጨ ንጹሕ ራስ ነው ያላቸው። መምሬ ብቻ ቀሩ። ታዬ ከመድረኩ ወርዶ ፊታቸው ቆመ። እኔ ከሴቶቹ ጋር በሦስተኛው ረድፍ ስለነበርኩ የተባባሉትን ሁሉ ሰምቻለሁ።

"ታዬ ልጄ፣ ይሄ ይቅርብኝ" አሉት መምሬ ቀስ ብለው። "አንተ ታውቃለህ።"

"ጓድ ታዬ ነኝ" አለ። "የማውቀው መመሪያውን ነው።"

እጁን ወደ ጥምጣሙ ሰደደ። ጫፉ የት እንደሚወሸቅ ሳይፈልግ አገኘው፤ እኔ ስወሽቅ እያየ ነው ያደገው። ሳበው። ሰባቱ ክንድ እየተተረተረ ወለሉ ላይ ወረደ፣ የሰው ጫማ ሥር ገባ። አዳራሹ ዝም አለ። ያ ዝምታ ቢቀጥል ኖሮ ምናልባት ይቅር እለው ነበር። ታዬን ግን ዝምታው ያስፈራው መሰለኝ፣ ቀልድ ፈለገ። ጓዶች፣ ይሄ የየትኛው አገር ካርታ ነው አለ። ያኔ ሰው ሳቀ። ማን ማን እንደሳቀ አንድ በአንድ አውቃለሁ። በግማሾቹ ቀብር ላይ ቆሜያለሁ።

ስብሰባው ሲያልቅ ሐጂ ሰይድ አልወጡም። አዳራሹ መሐል ቆመው፣ ሰው ሁሉ እያያቸው፣ ጥምጣማቸውን እንደገና ጠመጠሙ። ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን ዙር በእጃቸው እየዳበሱ። ማንም ደፍሮ አልተናገራቸውም። በማግሥቱ አዲስ ሰባት ክንድ ጠቅልለው ላኩልን። ዋጋውን ይዤ ብሄድ፣ የወደቀ ጥምጣም አይቼ ዝም ማለቴን ነው የምከፍለው አሉኝ፣ አልተቀበሉም። ይህን ውለታቸውን እስክሞት አልረሳውም።

ከዚያ ቀን በኋላ የመምሬ ስም ካርታው ሆነ። ልጆች ከአጥር ኋላ ሆነው ይጠሯቸዋል። ሰናይትን በትምህርት ቤት የካርታው ልጅ አሏት። ልጄ እያለቀሰች መጣች፤ አባቷ ጋ ስትቀርብ ዓይኗ እንደ ወትሮው ፊታቸው ላይ አላረፈም፣ ወደ ላይ ወጣ፣ ጥምጣሙ ላይ ቀረ። መምሬም አዩ። ራታቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። እኔን የገደለኝ ያ ነው እንጂ የአዳራሹ አይደለም። ስለ ታዬ ክፉ ስናገር፣ ተይው አስካለ፣ ልጅ ነው ይሉኛል። እኔ ግን ቁስቋም ወጥቼ ስለት ተሳልኩ። እመቤቴ ሆይ፣ ታዬ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሰው ፊት ራሱን ሲገልጥ ካሳየሽኝ የከፋይ ጥላ አመጣልሻለሁ አልኩ። ሰው ለልጅ፣ ለጤና፣ ለእርሻ ይሳላል። እኔ ለዚህ ተሳልኩ። የንስሐ አባቴ አባ ገብረ መድኅን ሰምተው ተቆጡኝ፤ እመቤታችን እንዲህ ያለ ስለት አትቀበልም አሉኝ። እንግዲያው አትቀበለኝ፣ እኔ ግን ተናግሬያለሁ አልኳቸው።

አራት ዓመት ጠበቅሁ። በአምስተኛው ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ የታዬ እናት በዝናብ መጣች። እያለቀሰች የነገረችን የልጇ ጸጉር ላሽ እንደበላው ነው። ቦታ ቦታውን ይረግፋል፣ ሐኪም አልቻለውም፣ ቆብ ሳያደርግ ከቤት አይወጣም። መምሬ የራሳቸውን ቆረቆር ያደረቀላቸውን መድኃኒት እንዲነግሯት ነው የመጣችው። እሳቸው ግን፣ እኔ ራሴ ላየው፣ ላኪው አሏት።

መጣ። ዝናቡ መንገዱን ባዶ ሲያደርገው ጃንጥላ ዘቅዝቆ ይመጣ ነበር። ቆቡን አውልቆ እኛ ቤት ዱካ ላይ ተቀመጠ። ያ ሁሉ አፍሮ ሄዷል፤ በቀረው መሐል መሐል ስሙኒ ሳንቲም የሚያህል ባዶ ቦታ ያብረቀርቃል። መምሬ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጠው በማር ለውሰው በጣታቸው ይቀቡታል፣ ከአሮጌ ጥምጣማቸው ቀደው ያስሩለታል። አንድም ቀን የድሮውን ነገር አላነሡበትም። እሱም አላነሣም። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ አያለሁ። የመጀመሪያው ቀን ሲወጣ መምሬ ወደ እኔ ዞሩ።

"ያየሽውን አላየሽም አስካለ። ልጁ አምኖኝ ነው ራሱን የሰጠኝ።"

እሺ አላልኩም። ዝምታዬን እንደ እሺ ቆጠሩት፤ እኔም አላረምኳቸውም።

ታዬ ዘዴ ነበረው። ከታመመ ወዲህ መዝሙሩ ሊጀመር ሲል ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ወደ ቢሮው ይገባል። መስከረም መጨረሻ ላይ ግን ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው አንድ ባለሥልጣን መጣና ታዬን ከጎኑ መድረክ ላይ አቆመው። መዝሙሩ ተጀመረ። ወንዱ ሁሉ ራሱን ገልጦ ተነሣ። መምሬ ከፊት ረድፍ ጥምጣማቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል፤ ሳቁ ካለፈ ቆይቷል፣ ሰው ለምዶታል፣ እሳቸው ግን ሁልጊዜ መሬት መሬት ያያሉ። ታዬ ቆቡን አላወለቀም። እንግዳው ወደ ፊት ስለሚያይ አላስተዋለም። መዝሙሩ አለቀ። ሰው ሊቀመጥ ሲል እጄን አወጣሁ። በዚያ አዳራሽ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድ ቃል ተናግሬ አላውቅም። እንግዳው ደስ ብሎት፣ እናት ይናገሩ አለ።

"ስለ መመሪያው ልጠይቅ ነው" አልኩ። "መምሬ ጥምጣማቸውን የሚያወልቁት ጓድ ታዬ ባወጣው መመሪያ ነው። አሁን ጓድ ታዬ ቆቡን አድርጎ ዘመረ። መመሪያው ተሽሮ ከሆነ መምሬም ያድርጉ። ካልተሻረ ጓድ ታዬም ያውልቅ።"

እንግዳው ሳቀ። እናታችን ልክ ናቸው፣ መመሪያ ለሁሉም ነው፣ ጓድ ያውልቁ አለ። የሚያሳፍር ነገር እንዳለ አያውቅም። ታዬ ወደ እኔ አላየም። ያየው መምሬን ነው። ምስጢሩን ያወጡበት እሳቸው መስለውታል፤ እኔ ከቁም ነገር የምቆጠር ሰው አልነበርኩም። መምሬ ራሳቸውን ነቀነቁለት፣ እኔ አይደለሁም ለማለት። አላመናቸውም። ቆቡን በገዛ እጁ አወለቀ። ከዚያ ከኋላ አንዱ፣ ስሙኒ አለ፣ አዳራሹም ፈነዳ። ድሮ የሳቁት ናቸው እንደገና የሳቁት። እኔ አልሳቅሁም። ተቀምጬ ነጠላዬን አስተካከልኩና፣ ተመስገን አልኩ።

ለሁለት ወር በራችን በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ይዘል ነበር፤ ሰው ከዚያ ባነሰ ነገር ይወሰድ ነበር። እኛን የነካን የለም። ታዬ ጓድ ስሙኒ ተብሎ ሲቀር ወደ ሌላ ቀበሌ ተዛወረ። የተቀጣሁት በቤቴ ነው። ያን እሑድ መምሬ እቤት ሲገቡ ጥምጣሙን ልቀበላቸው እጄን ብዘረጋ አልሰጡኝም። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸው ጠመጠሙት። የጽጌ ጾም እየገባ ነበር። አርባውን ቀን ሙሉ ራሳቸው አጠቡት፣ ራሳቸው ጠመጠሙት። ዘምሞ፣ አንዱ ወገን አብጦ፣ አንዳንዴም ጆሯቸው ላይ ወርዶ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። የደብሩን ሁሉ ጥምጣም የምጠመጥም ሴት የገዛ ባሌ እንዲያ ሆነው ሲታዩ፣ በመካከላችን ምን እንዳለ ያልገባው ምእመን አልነበረም። የካህናቱ ሚስቶች ጥምጣም ይዘው ሲመጡ ዓይኔን አያዩም። አልተናገርኳቸውም፣ መምሬንም አልለመንኩም።

ጾሙ የሚፈታው ኅዳር ስድስት፣ በቁስቋም በዓል ነው። በዋዜማው መምሬ ግቢው ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። እርጥቡን ሻሽ ጭናቸው ላይ ይዘዋል።

"ነገ ንግሥ ነው" አሉኝ። "እንዲህ ሆኜ ታቦት ፊት አልቆምም። ተጸጽተሻል?"

"አልተጸጸትኩም" አልኩ። ለካህን አልዋሽም።

ከዚያ አንዱን ጫፍ ሰጡኝ። ጠበቅ አድርገሽ ያዢው አሉኝ። ግቢውን አቋርጠን ወጠርነው። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ተነጋግረን አናውቅም።

በማግሥቱ ጥላውን ይዤ ዳገቱን ወጣሁ። ወይን ጠጅ ከፋይ፣ ዳርዳሩ ወርቃማ ዘርፍ ያለው፤ ሰው እልል እያለ ተቀበለልኝ። የስለት ተቀባዩ ምን ስላደረገችልሽ ነው ሲለኝ፣ ያሳየችኝን ስላሳየችኝ አልኩ። አባ ገብረ መድኅን ቆመው ይሰሙ ነበር። ሰው ሲበተን ጠሩኝ። ስለትሽን የፈጸመችው እመቤታችን ናት ወይስ ምላስሽ አሉኝ። ያን ሰው ከልብሽ ይቅር እስክትይ ድረስ ወደ ሥጋ ወደሙ አትቀርቢም አሉኝ። የቄስ ሚስት ነኝ፤ በቁርባን ነው የተጋባነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መምሬ እያቆረቡ፣ ልጆቼ እየቆረቡ፣ እኔ ደጅ ካለው ዛፍ ሥር ቆሜ የቅዳሴውን ደወል እሰማ ነበር። ይህን ያህል ዋጋ እንዳለው አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ ዝም እል ነበር ወይ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። የማገኘው መልስ አያስደስተኝም።

መምሬ ያረፉት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፤ ያ መንግሥት ገና አልወደቀም ነበር። ሳንባቸውን ታመው፣ በሰላም፣ ሁለቱም ልጆች አጠገባቸው ሆነው ነው ያረፉት። ለዚህም አመሰግናለሁ። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሰው ሞልቶ፣ አባ ገብረ መድኅን ከጎኔ ተቀምጠው፣ ሐጂ ሰይድ ከወንዶቹ ጋር ሆነው ሳለ ታዬ ገባ። አንድ ሰው ካኪ ሳይሆን ጥቁር ኮት ለብሶ ቆብ አድርጎ ሲገባ አየሁ፣ መጀመሪያ አላወቅሁትም። መጥቶ ፊቴ ቆመና ቆቡን አወለቀ፣ ማንም ሳያዘው። ጸጉሩ ሞልቷል። ጥቅጥቅ ብሎ፣ አንድ ባዶ ቦታ ሳይቀረው። ያ የባሌ እጅ ነው። የባሌ ጣት የቀባው ነው። የእሳቸው ራስ ጠባሳውን እንደያዘ አፈር ገባ፣ የእሱ ግን ድኖ ፊቴ ቆመ።

"እትዬ አስካለ" አለኝ። "መምሬ እንዳልነገሩብኝ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በሕይወት እያሉ መጥቼ እግራቸው ላይ አልወደቅሁም። አሁን እርስዎ ይቅር በሉኝ።"

አባ ገብረ መድኅን እጄን ያዙኝ። ለምን እንደያዙኝ አውቃለሁ። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚፈለገው፤ ከዚያ ወዲያ እሑድ ከዛፉ ሥር አልቆምም። ድንኳኑ ሙሉ አፌን ያያል። ሰናይት ታየኛለች። ሰውየው ከልቡ ነው፣ እንባው ይወርዳል። እኔ ግን የማየው ጸጉሩን ነበር። የሰናይትንም ዓይን፣ ያን ማታ ከአባቷ ፊት ላይ ወደ ላይ ሲሄድ።

"ቆብህን አድርግ" አልኩት። "ብርድ ነው።"

ድንኳኑ ሁሉ ተነፈሰ። ሴቶቹ አለቀሱ። ታዬ ጉልበቴን ሳመና ቆቡን አደረገ፣ ከወንዶቹ ጋር ሄዶ ተቀመጠ፤ ንፍሮ ሰጡት። አባ ገብረ መድኅን፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ ልጄ፣ አሸነፍሽው አሉኝ። ሐጂ ሰይድ ብቻ ከማዶ ሆነው ዓይኔን ትኩር ብለው አዩኝና አንገታቸውን ደፉ።

በቀጣዩ እሑድ ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል አባ ዲያቆን ልከው ከዛፉ ሥር አስጠሩኝ። ነጭ ለብሼ ነበር፣ ጾሜም ነበር። ደጀ ሰላሙ በር ላይ ጠበቁኝ፣ ፊታቸው በርቷል። ግቢ ልጄ፣ ይቅር ብለሻል፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ አሉኝ። ከውስጥ ዜማው ይሰማል። ልጆቼ ከፊት ቆመው ወደ ኋላ ዞረው ያዩኛል። አምስት ዓመት የናፈቅሁት በር ተከፍቶ ነበር።

እጃቸውን ስሜ ወደ ኋላ ተመለስኩ። አባ፣ እኔ የተናገርኩት ስለ ብርዱ ነው አልኳቸው።